ደወሉ እንዴት መጣ

በሙዚየሙ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ብሩሽ ይለዋል። ሥራው ሰሌዳ መጻፍ ነው። አንድ ዕቃ ከመጋዘን ወጥቶ ለሕዝብ ሲታይ፣ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚናገረውን ሰሌዳ በእጁ የሚጽፈው እሱ ነው። ሌላ ቦታ ይህን የሚሠራው ማሽን ነው። እዚህም አንድ ጊዜ የማተሚያ ማሽን ተገዝቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀለም ሲያልቅ ሁለተኛው ከገበያ ጠፋና ማሽኑ ኮሪደር ላይ ቆሞ ቀረ። አሁን ራሱ ቅርስ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ጋሽ ብሩሽ ግን ቀለም አልቆበት አያውቅም።

ወደ ሁለተኛው ፎቅ ሲወጣ፣ ከደረጃው ፊት ለፊት፣ ደወሉ አለ። ከነሐስ የተሠራ፣ ከሰው ወገብ የማይበልጥ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ የተሸረፈ ደወል ነው። ከወንዙ ማዶ ካለው ጎረቤት አገር፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ የሰዓት ግንብ ላይ እንደወረደ ሁለቱም አገሮች ይስማማሉ። የማይስማሙት እንዴት ወንዙን እንደተሻገረ ነው። ደወል በእግሩ አይሄድም፤ ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ነገር አድርጓል። ምን እንዳደረገ የሚወሰነው እንደየዘመኑ ነው፣ የሚጽፈው ደግሞ ጋሽ ብሩሽ ነው።

ሥራ የጀመረ ሰሞን ሁለቱ አገሮች ተኳርፈው ስለነበር ሰሌዳው «በጦርነት የተማረከ» ይል ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ታረቁ። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር አስጠርተውት «ያን ነገር አጥፋና ከወንድም ሕዝብ የተበረከተ በልልኝ» አሉት። አለላቸው። ደግሞ ተጣሉ፤ ደወሉ እንደገና ተማረከ። ቀጥሎ ስለ ቅርስ የሚቆረቆር አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሊጎበኝ መጣ። ተማረከ ማለት ያሳፍራል፣ ተበረከተ ማለት ደግሞ ማስረጃ ያስጠይቃል ተብሎ ለሁለት ሳምንት «በአደራ የተቀመጠ» ሆነ። እንግዶቹ ፎቶ አንስተው፣ አመስግነው ሄዱ። በየጊዜው አዲስ ሰሌዳ መግዛት ብክነት ነው ስለተባለ ይህ ሁሉ የተጻፈው በአንድ ቆርቆሮ ላይ ነው። በነጭ ይቀባዋል፣ ሲደርቅ በጥቁር ይጽፍበታል። ቆርቆሮው ከቀለም ብዛት የዳቦ ቁራጭ የሚያህል ውፍረት አውጥቷል።

በዚህ ሁሉ ዓመት ጋሽ ብሩሽ አንድ ዘዴ ተማረ። ትእዛዝ አይጠብቅም። ጠዋት ሬዲዮ ይከፍታል። ዜና አንባቢው ማዶውን «ጎረቤት አገር» ካለ ምንም የለም፣ ሻዩን ይጠጣል። «በዚያ ወገን ያሉ ኃይሎች» ካለ ተማረከ ነው። «ወንድም ሕዝብ» ካለ ነጩን ቀለም በጥብጦ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ እንዲያውም የሚኒስቴሩ ደብዳቤ ሳይደርስ ሰሌዳውን ቀይሮ ሰቅሎ ተገኝቷል። ጉድ ተባለ፤ ነገር ግን የጻፈው ልክ ስለነበረ የቀጣው የለም።

ይህ ለሌላው ሰው የሚያስቅ ወሬ ነው። ለጋሽ ብሩሽ ግን የቤቱ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ሚስቱ የዚያችው ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ከሰዓት ግንቡ ሥር ጠባብ ሱቅ ያላቸው ሰዓት ሠሪ ናቸው። ያገኛት በወንድምነቱ ዘመን፣ ለወዳጅነት ኤግዚቢሽን ሰሌዳ ሊጽፍ ማዶ የተላከ ጊዜ ነው። ላገባት እፈልጋለሁ ብሎ አባቷን ፊት ለፊት ጠየቃቸው። «አስብበታለሁ» አሉት። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ፤ እስካሁን እያሰቡበት ነው።

እሷ ግን መጣች። እንዴት እንደመጣችም እንደ ደወሉ ሁሉ በየወገኑ ይለያያል። አባትየው ለከተማው ሰው «ልጄን ወሰዳት» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ የአማቻቸውን ስም አልጠሩም። ጋሽ ብሩሽ ለጓደኞቹ «እኔ ነኝ ያመጣኋት» ይላል። እናቱ ነፍሳቸውን ይማርና ወሬያቸው ከሬዲዮው ጋር የሚሄድ ነበር። በሰላሙ ጊዜ ለጎረቤት «ምራቴን አባቷ መርቀው ነው የሰጡን» ይላሉ፣ በጠቡ ጊዜ ደግሞ «ኧረ የዚሁ የጠረፍ ልጅ ናት»። ሚስትየው ይህን ሁሉ እየሰማች ኖራለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስፒል ስላለ ከእሷ መልስ የሚጠብቅ የለም።

እናቷ በሕይወት ሳሉ በስልክ ያገኟት ነበር። ሲጨርሱ «አባትሽ እዚህ ናቸው» ይሉና ቀፎውን ያቀብሏቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የግድግዳ ሰዓቶች ድምፅ ብቻ ነው፤ እሷም ትንሽ ሰምታ ትዘጋለች። እናቲቱ ሲሞቱ ድልድዩ ተዘግቶ ነበር። የተዘጋውም፣ ጋዜጣው እንደጻፈው፣ «የደወሉ ጉዳይ እልባት እስኪያገኝ» ነው። ያን ቀን ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና አለቀሰች። ጋሽ ብሩሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደወሉን ጠላው። በየቀኑ አጠገቡ እያለፉ መጥላት ደግሞ አድካሚ ነው።

ዘንድሮ ሬዲዮው በአንድ ዜና ውስጥ ሦስት ጊዜ «ወንድም» አለ። ደወሉ ሊመለስ ነው ተባለ። ደወሉ ወንዙን በተሻገረ ማግስት ድልድዩ ይከፈታል፤ የማዶ ልዑካን መጥተው ደወሉን አይተው ይፈርማሉ። ዳይሬክተሯ ሠራተኛውን ሰብስበው ይህን ከነገሩ በኋላ ጋሽ ብሩሽን ለብቻው ጠሩት።

«ከልዑካኑ ጋር አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ጋሽ ብሩሽ። ደወሉን በልጅነታቸው ግንቡ ላይ ያዩት። ይኸው ነው ብለው እንዲመሰክሩ ነው የሚያመጧቸው። ሰዓት ሠሪ ናቸው አሉ።»

ጋሽ ብሩሽ የሚቀመጥበት ነገር ፈለገ።

ማታ ለሚስቱ ሲነግራት የስፌት መኪናዋን አቆመች። «አባዬ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም» አለች። ቆይታ ደግሞ «አርጅቶ ይሆናል» አለች።

«ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ እጠጋቸውና አናግራቸዋለሁ። ቤት ይዣቸው እመጣለሁ።»

«አንተ? ስምህን የማይጠራውን?»

«ደወላቸውን ሲያገኙ ደስ ይላቸው የለ። ያኔ ነው የምጠጋው።»

ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን ሰሌዳ ደግሞ ከሁሉ ያማረው ነው ብሎ ወሰነ። ማንም ሳያዘው ቆርቆሮውን ቀባ፣ አደረቀ፣ በሕይወቱ ጽፎት በማያውቅ የተዋበ ፊደል «ከወንድም ሕዝብ የተበረከተ» ብሎ ጻፈና እንዲደርቅ ከደወሉ ሥር አስደገፈው። አንድ ነገር ብቻ አላሰበም። የተበረከተ ዕቃ አይመለስም። ሰዎቹ የሚመጡት ተወሰደብን ያሉትን ሊረከቡ ነው፤ በገዛ እጃቸው የሰጡትን ስጦታ መልሰው ሊነጥቁ አይደለም። ከሬዲዮ ጋር የኖረ ሰው ወንድም ሲባል ሌላ ነገር አያስብም።

ልዑካኑ ከቀጠሯቸው ቀድመው ደረሱ። ጋሽ ብሩሽ ብሩሹን እያጠበ ሳለ ደረጃው በጫማ ድምፅ ተሞላ። ከፊት የልዑካኑ መሪ፣ ከኋላው የካሜራ ሰው፣ ከዚያ የሁለቱ አገር ሹማምንት፣ በመጨረሻ ሽማግሌው። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ቁመታቸውም እሱ ከሚያስታውሰው አጥሯል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው፣ አንድ ዓይን ጨፍነው ዕቃ የሚመረምር ሰው ዓይን።

«አባት፣ ይህ ያ ደወል ነው?» አለ መሪው፣ ድምፁን ለካሜራው አስተካክሎ።

ሽማግሌው ደወሉን ዞሩት። ጎንበስ ብለው ሽርፉን ነኩት።

«ትንሽ ነው» አሉ።

«ማለት?»

«ትልቅ ነበር። ልጅ ሆኜ ከሥሩ ስቆም ሰማዩን ይሸፍንብኝ ነበር።»

«አባት በመንገዱ ደክመዋል» አለ መሪው ለካሜራው።

«አልደከመኝም። ትንሽ ነው።»

የወዲህኞቹ ሹማምንት ይህ ነገር ይጥቀማቸው ይጉዳቸው ስላላወቁ ፊታቸውን አጽንተው ቆሙ። መሪው ከሽማግሌው የሚያስጥለው ነገር ፍለጋ ዓይኑን ሲያንከራትት ሰሌዳው ላይ አረፈ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «የተበረከተ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ የኮቱን ቁልፍ ዘጋና «እንግዲህ የምንፈርመው ነገር የለም» ብሎ ደረጃውን ወረደ። ሌላውም ተከትሎ ወረደ። ሽማግሌው ደረጃው ስለከበዳቸው ወደ ኋላ ቀሩ።

ጋሽ ብሩሽ ብሩሹን እንደያዘ ቀረባቸው። «እንደምን ዋሉ» አለ።

ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ከዚያ ብሩሹን፣ ከዚያ ሰሌዳውን።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«አሁንም ያልሰጡህን ተሰጠኝ ትላለህ» አሉና የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ወረዱ።

ዳይሬክተሯ እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። «ማን አዝዞዎት ነው?» አሉት።

«ሬዲዮው» አለ ጋሽ ብሩሽ።

ከዚያ በላይ የሚባል ነገር ስላልነበረ ወደ ቤትዎ ይሂዱ ተባለ። ሄደ። በመንገድ ላይ የሚያስበው ስለ እንጀራው አልነበረም። ነገ ልዑካኑ ተቆጥተው ይመለሳሉ፣ ድልድዩ እንደተዘጋ ይቀራል፣ ሽማግሌው ሌላ ጊዜ ለመምጣት ዕድሜ የላቸውም። ሚስቱ አባቷን እንዳታይ ያደረገው ጦርነትም መንግሥትም አይደለም፤ እሱ ራሱ ነው፣ በተዋበ ፊደል። አፈረ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የሰው ሱሪ ዚፕ እየቀየረች ነበር። ሁሉንም ነገራት። ያልሰጡህን የምትለዋንም አልዘለለም። ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች።

«የት ነው ያረፉት?»

«ሆቴሉ ነዋ፣ ትልቁ። ግን እንዲህ በቀላሉ አያስገቡም። ቆይ እኔ ቀድሜ ሰው አናግሬ . . .»

«አንተ በቃህ። ብዙ ጽፈሃል» አለችና ጫማዋን አደረገች።

በአውቶብስ ሄዱ። ሆቴሉ በር ላይ ዘበኛው ማን ናችሁ አለ። «የሰዓት ሠሪው ልጅ ነኝ» አለች። ለእንዲህ ያለው ነገር መመሪያ ስላልነበረ ከወዲህ አንድ የጸጥታ ሰው፣ ከወዲያ አንድ የጸጥታ ሰው ተጠራ። ሁለቱ ተመካክረው ሽማግሌው እንዲወርዱ፣ ነገር ግን ንግግሩ በሁለቱም ፊት እንዲሆን ወሰኑ። ስለዚህ አባትና ልጅ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ የተገናኙት በእንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ፣ በቀኝና በግራ ብዕር የያዘ ሰው ተቀምጦ ነው። ጋሽ ብሩሽ ከአበባ ማስቀመጫው አጠገብ ቆመ። ተቀመጥ ያለው ሰው አልነበረም።

«ደህና ነዎት?» አለች።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ፀጉሯን አዩ፣ እጇን አዩ፣ ከመርፌ የደነደነውን ጣቷን። «ድሮ አንተ ነበር የምትይኝ» አሉ።

«ድሮ ያናግሩኝ ነበር።»

የማዶው የጸጥታ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና ንግግሩ በሁለትዮሽ ጉዳዮች ላይ ባያተኩር መልካም ነው አለ። የወዲህኛውም ተስማማ። በዚያ ቀን ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት የመጀመሪያው ነጥብ ይህ ነበር።

«ይህ ሰውዬ ወሰደሽ» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ አበባ ማስቀመጫው ሳያዩ።

«አልወሰደኝም።»

ጋሽ ብሩሽ ደረቱን ትንሽ ነፋ አደረገ።

«አላመጣኝምም» አለች። ደረቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ታዲያ?»

«በአውቶብስ መጣሁ። እሱ ያኔ ከኤግዚቢሽኑ ተመልሶ ቤቱ ተቀምጦ ነበር፣ አንተ አስብበታለሁ ስላልከው እስክትጨርስ እየጠበቀ። ነይ ያለኝ የለም፣ ሂጂ ያለኝ የለም። ትኬቴን ራሴ ቆረጥኩ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ፣ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ወሰዳት ይላል፣ አንዱ አመጣኋት ይላል፣ አማቴ ደግሞ ተሰጠችን ይሉ ነበር። ደወሉስ እሺ፣ አይናገርም። እኔን ግን አንድ ሰው ምናለ ቢጠይቀኝ?»

ጋሽ ብሩሽ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ያን ቀን ቤቱ በር ላይ ሻንጣ ይዛ ስትቆም የደነገጠው እሱ ነው። ረስቶትም አይደለም፤ ቀብቶበት ነው እንጂ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ጊዜ።

ሽማግሌው እጃቸው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ሰዓት ለማወቅ የሚያዩ አይመስሉም ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«በአውቶብስ እንደሄድሽ። መናኸሪያ መጥቼ ነበር።»

 «ልታስቀረኝ?» አለች።

«ሹራብሽን ረስተሽ ነበር። ሰማያዊውን። ማዶ ይበርዳል ብዬ ነው።»

«አላየሁህም እኮ።»

«የመጀመሪያው አውቶብስ ሄዷል አሉኝ። እኔ በሁለተኛው ትሄዳለች ብዬ ነበር የወጣሁት።»

«ሰዓት ሠሪ አይደለህ እንዴ?»

«የሰው ሰዓት ነው የምሠራው» አሉ።

መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት፣ እንደገና ደግሞ ወደ ሳቅ ተመለሰ። የጸጥታ ሰዎቹ የትኛውን እንደሚመዘግቡ ግራ ገባቸው። በክንዷ ዓይኗን ጠረገች።

«ታዲያ ለምን ወሰዳት ትላለህ?»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን አሹ። «ሄደች ካልኩ ለምን ሄደች ይሉኛል። ተወሰደች ካልኩ ያዝኑልኛል። አንዴ ካሉት በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ። እናትሽ ቀፎውን በሰጠችኝ ቁጥር እንዴት እንደምጀምር አላውቀውም።»

ሁለቱ የጸጥታ ሰዎች ይህን ሊጽፉ ብዕራቸውን አንስተው ነበር። ተያዩና መልሰው አስቀመጡት።

«ሹራቡስ?» አለች።

«ብል በላው። አዝራሮቹ ግን አሉ። ከሰዓት ዕቃዎቹ ጋር አስቀምጫቸዋለሁ።»

በዚህ መሐል የጋሽ ብሩሽ ስልክ ጮኸ። ዳይሬክተሯ ናቸው፣ ከዚያው ሆቴል ፎቅ ላይ። ሰዎቹ ሲከራከሩ ቆይተው ተስማምተዋል አሉት፤ ደወሉ ይሄዳል፣ ድልድዩ ይከፈታል፣ በባዶው መቆሚያ ላይ አንድ ሰሌዳ ይቀራል። «ይህ ደወል እዚህ ነበር ብለው ይጻፉ። ሌላ ምንም።»

«እንዴት እንደመጣስ?»

«እንዴት እንደመጣ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ወገን ፈርሟል። ጋሽ ብሩሽ፣ እባክዎ፣ እስኪያልፍ ድረስ ሬዲዮ አይክፈቱ።»

ሄዶ ነገራቸው። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይን ዓይኑን አዩት። «እዚህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጥሩ ነው። ውሸት የለበትም።» ከዚያ ከሶፋው ጠርዝ ትንሽ ጠጋ አሉለት። ጋሽ ብሩሽ ተቀመጠ።

ሲመሽ ቦርሳዋን አነሳች። የጀመረችውን ሱሪ ባለቤቱ ነገ ጠዋት ይፈልገዋል።

«በምን ትሄጃለሽ?» አሉ አባቷ።

«በአውቶብስ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ይመጣል፣ ገና ነው።»

ሽማግሌው ግን ተነስተው ኮታቸውን እየለበሱ ነበር። «አሁን እንውጣ» አሉ። «ቀደም ብለን እንቁም።»

ወጥተው ፌርማታው ላይ ቆሙ፤ አባት፣ ልጅ፣ ጋሽ ብሩሽ፣ ትንሽ ራቅ ብለው ሁለቱ የጸጥታ ሰዎች። ብዙም ሳይቆይ አውቶብሱ መጥቶ አጠገባቸው ቆመና በሩን ከፈተ። ውስጡ ሹፌሩና ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከፊት እስከ ኋላ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

«ሞልቷል» አለች።

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ውስጥ አዩ። «አዎ፣ ሞልቷል» አሉ።

አውቶብሱ ሄደ፤ የሚቀጥለውን መጠበቅ ጀመሩ።